የካርቦን ፋይበር የመኪና ኮፈን

የካርቦን ፋይበር የመኪና ኮፈን ከካርቦን ክር በተሸመነ ጨርቅና ጨርቁን አጣብቆ በሚያጠነክር ሬዚን የሚሠራ የመኪና ሞተር ክዳን ነው። ጨርቁ የሚፈለገውን ቅርጽ በያዘ ሞልድ ላይ ይነጠፋል፣ ሬዚን ይጠጣል፣ ይጠነክራል፣ ከዚያም ከሞልዱ ተላቆ ይወጣል። እንዲህ ያለው ኮፈን ከብረት ላሜራ ከተሠራው ይቀላል፤ አይዝግም። በሌላ በኩል ዋጋው ውድ ነው፤ ሲሰበርም እንደ ላሜራ ተቀጥቅጦ አይቃናም።

ሥራው ከባድ ማሽን ስለማይጠይቅ በአነስተኛ ወርክሾፕም ሊከናወን ይችላል። ይሁን እንጂ የኮፈኑ ጥራት የሚወሰነው በጨርቁ ብቻ ሳይሆን በአየር ግፊት፣ በሙቀትና በእርጥበት ጭምር ነው። የአምራቾች መመሪያዎች በአብዛኛው በባሕር ወለል ያለውን የአየር ግፊትና 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚሞቅ ክፍልን ታሳቢ ያደርጋሉ። በሰሜን አዲስ አበባ በእንጦጦ ግርጌ እንደሚገኘው እንደ ጉለሌ ባለ ከፍተኛና ቀዝቃዛ ቦታ ግን እነዚህ ቁጥሮች መስተካከል አለባቸው።

== ስያሜ ==

«ኮፈን» የሚለው ቃል ከጣሊያንኛው «ኮፋኖ» የመጣ ነው። በኢትዮጵያ የጋራዥ ሠራተኞች እንደሚጠቀሙባቸው እንደ ላሜራ፣ ፓራፋንጎና ካንዴላ ያሉ ቃላትም ከዚሁ ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው። «ካርቦን ፋይበር» በትክክለኛ ትርጉሙ ክሩን ብቻ የሚያመለክት ሲሆን፣ በተለምዶ ግን ክሩና ሬዚኑ ተዋሕደው የሚሰጡት ጠንካራ ቁስ በዚሁ ስም ይጠራል። ይህ ዓይነቱ ከሁለት የተለያዩ ነገሮች የተዋሐደ ቁስ ኮምፖዚት ይባላል።

== የቁሱ ጠባይ ==

አንድ የካርቦን ክር ውፍረቱ ከ5 እስከ 7 ማይክሮ ሜትር ሲሆን፣ ይህም ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ፖሊአክሪሎኒትራይል ከተባለ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ክሩ መጀመሪያ አየር ባለበት ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ይሞቃል፤ ቀጥሎም ኦክስጅን በሌለበት ምድጃ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ከካርቦን በስተቀር ያለው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ተንኖ ይወጣል። በሺህ የሚቆጠሩ ክሮች አንድ ላይ ሆነው ጥቅል ይሠራሉ። በመኪና አካል ላይ በብዛት የሚታየው «3ኬ» የተባለው ጥቅል 3,000 ክሮች አሉት።

የካርቦን ክር በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 1.8 ግራም ገደማ ይመዝናል። የብረት 7.85፣ የአሉሚኒየም 2.7፣ የመስታወት ክር ደግሞ 2.55 ገደማ ነው። ክሩ ሲሳብ እጅግ ጠንካራ ቢሆንም ብቻውን ሲገፋ ይታጠፋል። ክሮቹን በቦታቸው ይዞ ጭነቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያስተላልፈው ሬዚኑ ነው። ስለዚህ ክሩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሬዚኑ በትክክል ካልጠነከረ ኮፈኑ ደካማ ይሆናል።

የክብደቱን ልዩነት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 1 ካሬ ሜትር ስፋትና 0.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ላሜራ 5.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝን የካርቦን ጨርቅ 4 ጊዜ ቢደረብ ጨርቁ 800 ግራም ይሆናል። በእጅ ሲሠራ እኩል መጠን ያለው ሬዚን ቢጠጣ ጠቅላላ ክብደቱ 1.6 ኪሎ፣ በቫኪዩም ሲሠራና የሬዚኑ ድርሻ ወደ 40 በመቶ ሲወርድ 1.3 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ውፍረቱም ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በዚህ ላይ የውስጥ ማጠናከሪያ፣ የማጠፊያና የመቆለፊያ ብረት እንዲሁም ቀለም ስለሚጨመሩ ያለቀለት ኮፈን ከዚህ ይከብዳል።

== ታሪክ ==

ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1879 ለኤሌክትሪክ አምፖል የጥጥ ክርን አክስሎ ተጠቅሞ ነበር። ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው የካርቦን ክር ግን የተገኘው በ1958 ሮጀር ቤከን በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በዩኒየን ካርባይድ ቤተ ሙከራ ባደረገው ምርምር ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጃፓናዊው አኪዮ ሺንዶ ከፖሊአክሪሎኒትራይል ክር ማውጣት የሚቻልበትን መንገድ አሳየ። በተመሳሳይ ጊዜ በእንግሊዝ ፋርንቦሮ የነበሩ ተመራማሪዎች ዘዴውን አሻሻሉት።

በመኪና ዓለም ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1981 ነው። በዚያ ዓመት የማክላረን ቡድን ጆን ባርናርድ የነደፈውንና ዋናው አካሉ ከካርቦን ፋይበር የተሠራውን ኤምፒ4/1 የተባለ የፎርሙላ 1 መኪና ለውድድር አቀረበ። በዚያው ዓመት በጣሊያን ሞንዛ ሹፌሩ ጆን ዋትሰን ከባድ ግጭት ደርሶበት ሳይጎዳ መውጣቱ በቁሱ ላይ የነበረውን ጥርጣሬ ቀነሰው። በ1992 የወጣው ማክላረን ኤፍ1 ዋናው አካሉ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ የመጀመሪያው የመንገድ መኪና ሆነ። የአሜሪካው ሸቭሮሌ ኮርቬት ከ1953 ጀምሮ አካሉ ከፋይበር ግላስ ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ በ2004 በወጣው ልዩ የዜድ06 ሞዴል ላይ የካርቦን ፋይበር ኮፈን ተገጠመለት።

== ሽመናው ==

የካርቦን ጨርቅ እንደማንኛውም ጨርቅ ድርና ማግ አለው። ሁለት ዓይነት አሸማመን በብዛት ይሠራበታል።

በመጀመሪያው ማጉ በአንድ ድር ላይ ያልፋል፣ በሚቀጥለው ድር ሥር ይገባል። ይህ እንደ ዳማ ገበታ ያለ መልክ ይሰጣል። ጨርቁ አይላቀቅም፤ ሲቆረጥም ጠርዙ ብዙም አይበተንም። ሆኖም ጎበጥ ባለ ሞልድ ላይ በቀላሉ አይተኛም።

ሁለተኛው ሰያፍ ሽመና ነው። ማጉ በሁለት ድር ላይ አልፎ በሁለት ድር ሥር ይገባል፤ በየመስመሩም አንድ ድር ይገፋል። በጨርቁ ላይ አግድም የሚሄድ ሰያፍ መስመር ይታያል። ብዙ ሰው «የካርቦን መልክ» ብሎ የሚያውቀው ይህን ነው። ከመጀመሪያው ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ የኮፈንን እጥፋትና ጉብታ ተከትሎ ይተኛል።

በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሽሮ ሜዳ በእጅ ሽመና የታወቀ ነው። ብዙዎቹ ሸማኔዎች መነሻቸው ከጋሞ ደጋማ አካባቢ፣ በተለይም ከዶርዜ ነው። የካርቦን ጨርቅ በፋብሪካ ማሽን የሚሸመንና ከውጭ የሚገባ ቢሆንም፣ ለሸማኔ የሚገባው ሕግ እዚህም ይሠራል፦ ጨርቅ የሚጠነክረው በድሩና በማጉ አቅጣጫ ሲሳብ ነው፤ በሰያፍ ሲሳብ ይለጠጣል። ስለዚህ ኮፈን ሲሠራ ሁሉም ንጣፍ በአንድ አቅጣጫ አይቀመጥም። አንዱ ንጣፍ በ0 እና 90 ዲግሪ፣ ቀጣዩ በ45 ዲግሪ ዞሮ ይነጠፋል። ይህ ካልተደረገ ኮፈኑ ማዕዘኑ ሲያዝ ይጣመማል።

== ሬዚን ==

ለኮፈን ሥራ ሦስት ዓይነት ሬዚን ይታወቃል። ፖሊስተር ርካሽና ለፋይበር ግላስ ሥራ የተለመደ ነው፤ ከካርቦን ክር ጋር ያለው መያያዝ ግን ደካማ ነው፣ ሲጠነክርም ይሰበሰባል። ቪኒልስተር በመካከለኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። ኢፖክሲ ውድ ቢሆንም ከካርቦን ጋር በደንብ ይያያዛል፣ መሰብሰቡም አነስተኛ ነው። ጥሩ የካርቦን ኮፈን የሚሠራው በኢፖክሲ ነው።

በፖሊስተር የለመደ ሠራተኛ ወደ ኢፖክሲ ሲሸጋገር በአብዛኛው የሚሳሳተው በማጠንከሪያው መጠን ነው። በፖሊስተር የሚጨመረው ከ1 እስከ 2 በመቶ የሆነ ማስነሻ ስለሆነ፣ በተወሰነ ገደብ ውስጥ መጠኑን ከፍና ዝቅ በማድረግ ፍጥነቱን መቆጣጠር ይቻላል። በኢፖክሲ ግን ማጠንከሪያው ራሱ የቁሱ አካል ነው። መመሪያው ለ100 ግራም ሬዚን 30 ግራም ማጠንከሪያ ካለ፣ 40 ግራም መጨመር ሥራውን አያፋጥነውም። ትርፉ ማጠንከሪያ ሳይያያዝ ስለሚቀር ኮፈኑ ለስላሳና በሙቀት የሚጣመም ይሆናል። ስለዚህ ኢፖክሲ በዓይን ግምት ሳይሆን በሚዛን ተመዝኖ ይደባለቃል። ፍጥነቱን መቀየር የሚፈልግ ሰው ፈጣን ወይም ዘገምተኛ የሆነ ሌላ ማጠንከሪያ ይመርጣል፣ ወይም ክፍሉን ያሞቃል።

== የሞልድ አሠራር ==

ሞልድ የኮፈኑን የላይ ገጽ በተቃራኒው የያዘ ቅርጽ ማውጫ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ የሚነጠፈው የመጀመሪያ ጨርቅ ሲወጣ የሚታየው ገጽ ይሆናል። የኮፈኑ ውበት ከሞልዱ ገጽ ስለማይበልጥ አብዛኛው ድካም የሚያልፈው በሞልዱ ላይ ነው።

ቀላሉ መንገድ ከነባር ኮፈን ሞልድ ማውጣት ነው፦

1. ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ ኮፈን ይታጠባል፤ ጉድፉ በስቱኮ ይሞላል፤ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው እስከ ደቃቁ ይፋቃል፤ ይወለወላል። የቀረች ጭረት ሁሉ በሞልዱ ላይ፣ ከዚያም ከሞልዱ በሚወጣ እያንዳንዱ ኮፈን ላይ ትታያለች።
2. በኮፈኑ ዙሪያ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ጠርዝ በቀጭን ጣውላ ይሠራለታል። ይህ ጠርዝ በኋላ የቫኪዩም ላስቲክ የሚለጠፍበት ነው።
3. የማላቀቂያ ሰም በተደጋጋሚ ይቀባል፤ እያንዳንዱ ዙር ደርቆ ይወለወላል። ለአዲስ ሞልድ ከ5 ዙር በላይ መቀባት የተለመደ ነው።
4. የሞልድ ጄልኮት በእኩል ውፍረት ይቀባል።
5. ጄልኮቱ ጠንከር ብሎ እጅ ላይ መያዝ ሲያቆም ፋይበር ግላስ በሬዚን እየተነከረ ይደረባል። የመጀመሪያው ንጣፍ ቀጭን ሆኖ አረፋው በሮለር ይወጣል፤ ቀጣዩ የሚነጠፈው እርሱ ከጠነከረ በኋላ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተደረበ የሚፈጠረው ሙቀት ሞልዱን ያጣምመዋል።
6. በጀርባው የጣውላ ወይም የብረት አጥንት ይታሰርለታል።
7. ለበርካታ ቀናት ከቆየ በኋላ በፕላስቲክ ሽብልቅና በታመቀ አየር ይላቀቃል።

የኮፈኑ ጠርዝ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ከሆነ ከአንድ ቁራጭ ሞልድ ሊወጣ አይችልም። በዚህ ጊዜ ሞልዱ በብሎን በሚያያዙ ሁለት ወይም ሦስት ክፍሎች ይሠራል።

ሞልዱ የሚሠራበት ሬዚን ኮፈኑ ወደፊት የሚሞቅበትን ዲግሪ መቻል አለበት። በተራ ፖሊስተር የተሠራ ሞልድ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ ኮፈኑ በሞልዱ ውስጥ እንዳለ እንዲሞቅ ከታሰበ ሞልዱ በኢፖክሲ ወይም በቪኒልስተር ይሠራል።

አንድ ሞልድ በጥንቃቄ ከተያዘ ብዙ ኮፈን ያወጣል። ለአንድ ኮፈን ብቻ ሞልድ መሥራት ግን የሞልዱን ወጪ በሙሉ በዚያ ኮፈን ላይ ስለሚጥል አያዋጣም።

== የመደረብ ዘዴዎች ==

=== በእጅ ===

ጨርቁ በሞልዱ ላይ ተነጥፎ ሬዚን በብሩሽና በሮለር ይቀባል። ርካሽ ነው፤ መማሪያም ይሆናል። የሬዚኑ መጠን በሠራተኛው እጅ ላይ ስለሚወሰን ኮፈኑ ይከብዳል፤ የአየር ቀዳዳም ይበዛዋል።

=== በቫኪዩም ከረጢት ===

በእጅ የተነከረው ጨርቅ በተላጭ ጨርቅ፣ ትርፍ ሬዚን በሚመጥ ንጣፍና በላስቲክ ይሸፈናል። ላስቲኩ በሞልዱ ጠርዝ ላይ በማስቲክ ተለጥፎ አየሩ በፓምፕ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ጨርቁን የሚጫነው ፓምፑ ሳይሆን በላስቲኩ ላይ ያለው የከባቢ አየር ነው።

=== በቫኪዩም ማስረግ ===

ጨርቁ ደረቁን ይነጠፋል። ተላጭ ጨርቅ፣ ሬዚን የሚያሰራጭ መረብና ላስቲክ ይለብሳል። አየሩ ከወጣ በኋላ የሬዚኑ ቱቦ ሲከፈት ሬዚኑ በግፊት ልዩነት ተስቦ ጨርቁን ያርሰዋል። ከሦስቱ ርካሽ ዘዴዎች ጥሩ ጥራት የሚሰጠው ይህ ነው። ሬዚኑ ከመከፈቱ በፊት የፓምፑ ቫልቭ ተዘግቶ መለኪያው መውረዱ ወይም አለመውረዱ ይታያል። የሚያፈስ ቀዳዳ ሳይደፈን ሬዚን መክፈት ውዱን ጨርቅ ማባከን ነው።

=== ቀድሞ በተነከረ ጨርቅ ===

ፋብሪካው ጨርቁን በሬዚን ነክሮ ይሸጠዋል። ጨርቁ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጣል፤ ኦቶክሌቭ በተባለ የግፊት ምድጃም ይበስላል። ለአውሮፕላንና ለውድድር መኪና የሚሠራበት ዘዴ ሲሆን፣ ለአነስተኛ ወርክሾፕ አቅም የሚመች አይደለም።

== የከፍታና የአየር ጠባይ ተጽዕኖ ==

=== የአየር ግፊት ===

በባሕር ወለል የከባቢ አየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ወደ 75 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ስለዚህ በጉለሌ በቫኪዩም ከረጢት የተሸፈነ 1 ካሬ ሜትር ኮፈን ላይ አየሩ የሚጭነው ቢበዛ 7.6 ቶን የሚያህል ክብደት ነው። ያው ኮፈን በጅቡቲ ወደብ ቢሠራ 10.3 ቶን ያርፍበታል። የበለጠ ውድ ፓምፕ መግዛት ይህን ልዩነት አይሞላም፤ ከዜሮ በታች የሚወርድ ግፊት የለምና።

ልዩነቱ መጀመሪያ የሚታየው በመለኪያው ላይ ነው። በፓምፖች ላይ የሚገጠመው ተራ መለኪያ የሚያሳየው በውጭውና በውስጡ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ወለል ሙሉ ቫኪዩም ላይ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚያሳይ መለኪያ በ2,500 ሜትር ከ560 ገደማ አያልፍም። መመሪያው «ከ700 በላይ ይድረስ» ሲል ያነበበ ሠራተኛ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ሊውል፣ ደህናውን ፓምፕም ተበላሽቷል ብሎ ሊጥል ይችላል። መፍትሔው ፍጹም ግፊትን የሚለካ መሣሪያ መጠቀም ወይም በአካባቢው ሊደረስበት የሚችለውን ከፍተኛ ቁጥር አስቀድሞ ማወቅ ነው።

በማስረግ ዘዴ ደግሞ ሬዚኑን የሚገፋው ይኸው የአየር ግፊት ስለሆነ፣ ግፊቱ በሩብ ሲቀንስ ሬዚኑ ሞልዱን ለመሙላት የሚወስደው ጊዜ በሲሶ ያህል ይጨምራል። በተጨማሪም የመሙያው ጊዜ ሬዚኑ በሚጓዘው ርቀት ካሬ ልክ ያድጋል፤ ርቀቱ በግማሽ ቢቀንስ ጊዜው ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ በከፍታ ቦታ ሬዚኑን ከአንድ ጠርዝ ከማስገባት ይልቅ በኮፈኑ መሐል በተዘረጋ ቱቦ አስገብቶ ወደ ሁለቱም ጎን ማሰራጨት ይመረጣል።

=== ሙቀት ===

የአዲስ አበባ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በእንጦጦ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ሬዚን ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ሙቀቱ ከ25 ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ የብዙ ኢፖክሲዎች ውፍረት እጥፍ ያህል ሊደርስ ይችላል። ይህ ከዝቅተኛው ግፊት ጋር ሲደመር ሬዚኑ የሚወስደውን ጊዜ ከሁለት እጥፍ በላይ ያደርሰዋል። መጠንከሩም እንዲሁ ይዘገያል፤ በግርድፉ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር የመጠንከሪያው ጊዜ በእጥፍ ይረዝማል። ስለሆነም ሬዚኑ፣ ሞልዱና ክፍሉ ከሥራው በፊት ወደ 25 ዲግሪ እንዲደርሱ ይደረጋል። ሬዚኑን ብቻ አሙቆ በቀዝቃዛ ሞልድ ላይ ማፍሰስ ብዙም አይጠቅምም።

በክፍል ሙቀት የጠነከረ ኢፖክሲ በእጅ ሲነካ ያለቀለት ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መልሶ ይለሰልሳል። ጥቁር ኮፈን በቀትር ፀሐይ ከሥሩ ሞተር እየሞቀ ይህን ዲግሪ በቀላሉ ያልፋል። ከዚህ በኋላ ኮፈኑ ይንሻፈፋል፤ የሽመናው አሻራም በገጹ ላይ ብቅ ይላል። ይህን ለመከላከል ኮፈኑ ከሞልዱ ሳይወጣ ቀስ በቀስ እንዲሞቅ ይደረጋል። የብዙ ኢፖክሲዎች መመሪያ በ60 ዲግሪ ለ6 ወይም ለ8 ሰዓት ያህል ማሞቅን ያዛል፤ የእያንዳንዱ ሬዚን መመሪያ ግን ይቀድማል። ለዚህ ሥራ ሙቀት በማያሳልፍ ነገር የተለበጠ ሣጥን፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ አየር የሚያዞር ፋንና ቴርሞሜትር ይበቃል። የብረት ላሜራ ይህን ደረጃ ስለማይጠይቅ ከላሜራ ሥራ የመጣ ሰው በቀላሉ ይዘለዋል፤ ጉድለቱ የሚታየውም ኮፈኑ ተሽጦ ከሄደ በኋላ ነው።

=== እርጥበትና የመብራት መቋረጥ ===

በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ አየሩ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። በዚህ ጊዜ የኢፖክሲ ማጠንከሪያ ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ በገጹ ላይ ሰም መሰል ሽፋን ይፈጥራል። ሽፋኑ በውኃ ታጥቦ ሳይነሣ በላዩ የሚቀባ ቫርኒሽ ይላጣል። ጨርቁም በደረቅ ቦታ፣ ከመሬትና ከግድግዳ ርቆ ይቀመጣል።

ሬዚኑ ሳይጠነክር መብራት ቢጠፋ አየር ወደ ከረጢቱ ተመልሶ ሥራውን ያበላሻል። በፓምፑና በሞልዱ መካከል አየር ወደኋላ የማያሳልፍ ቫልቭና የቫኪዩም ማጠራቀሚያ ጋን ማስገባት ግፊቱን ለተወሰነ ጊዜ ያቆየዋል።

=== የፀሐይ ጨረር ===

የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ኢፖክሲ በዚህ ጨረር ይወይባል፣ ይፈረፈራል። ስለዚህ ሽመናው እንዲታይ የሚፈለግ ኮፈን ጨረር የሚከላከል ንጹሕ ቫርኒሽ ሊቀባ፣ ቫርኒሹም በየጊዜው ሊታደስ ይገባል። የመኪና ቀለም የተቀባ ኮፈን ይህ ችግር ያን ያህል አያሰጋውም።

== ማጠናከሪያ፣ አገጣጠምና የመንገድ ደኅንነት ==

አንድ ሚሊ ሜትር የሚወፍር ገጽ ብቻውን በነፋስ ይርገበገባል። ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር መታጠፍን የመቋቋም አቅም 8 እጥፍ ስለሚያድግ፣ በሁለት ቀጫጭን የካርቦን ገጾች መካከል ቀላል ፎም ማስገባት ብዙ ክብደት ሳይጨምር ኮፈኑን ግትር ያደርገዋል። ሌላው መንገድ የውስጡን አጥንት በራሱ ሞልድ ሠርቶ በኢፖክሲ ማጣበቂያ ከገጹ ጋር ማያያዝ ነው። የሚጣበቁት ቦታዎች አስቀድመው በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራሉ፤ ሰምም ይጸዳላቸዋል።

ማጠፊያውና መቆለፊያው የሚታሰሩበት ቦታ ላይ የብረት ሳህን በንጣፎቹ መካከል ይቀበራል። ብሎን በቀጭኑ ካርቦን ላይ ብቻ ከታሰረ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። በጉዞ ላይ የተከፈተ ኮፈን ወደ ኋላ ተገልብጦ የፊት መስታወቱን ስለሚመታ ይህ ክፍል ለመልክ ከሚደረገው ሁሉ ይቀድማል። ብዙ ሠሪዎች ከዋናው መቆለፊያ በተጨማሪ በሁለቱ ጎን የኮፈን ፒን ይገጥማሉ።

ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በእርጥበት ጊዜ ከአሉሚኒየምና ከተራ ብረት ጋር ሲነካካ ብረቱን ያስበላዋል። በመካከላቸው አንድ ንጣፍ ፋይበር ግላስ ማስገባትና የማይዝግ ብሎን መጠቀም ይህን ይከላከላል። የጭስ ማውጫና ቱርቦ የሚቀርበው ክፍልም በውስጥ በኩል ሙቀት መላሽ ንጣፍ ይለብሳል።

== የጤና ጥንቃቄ ==

የኢፖክሲ ማጠንከሪያ ቆዳን ያቆጣል። አንዴ አለርጂ ያስያዘው ሠራተኛ ከዚያ በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል፤ ሙያውን ለመተው የሚገደድም አለ። ስለዚህ የናይትራይል ጓንት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይደረጋል፤ እጅ በሟሟ ወይም በቲነር አይታጠብም። ከፖሊስተር የሚወጣውን የስታይሪን ትነት የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2018 ካንሰር ሊያስከትሉ ከሚችሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል። የፖሊስተር ማስነሻ ዓይን ውስጥ ቢገባ ለዘለቄታው ሊያሳውር ይችላል። ይኸው ማስነሻ ከኮባልት ማፋጠኛ ጋር በቀጥታ ቢደባለቅ ይፈነዳል።

የተደባለቀ ሬዚን በዕቃ ውስጥ ተከማችቶ ከቆየ ራሱን እያሞቀ ሊጨስና ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ይደባለቃል፤ የተረፈውም ሰፊ ዕቃ ላይ በስሱ ይፈሳል። ካርቦን ሲቆረጥና ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ነው፤ በሶኬትና በማሽን ውስጥ ሲገባም ኤሌክትሪክ ያገናኛል። በውኃ እያረጠቡ መፋቅና የብናኝ ጭንብል ማድረግ ጉዳቱን ይቀንሳል። መኖሪያ ቤትና ወርክሾፕ በአንድ ግቢ በሆኑበት ሰፈር ደግሞ ብናኙና ትነቱ ለልጆችና ለጎረቤት እንዳይተርፍ የሥራው ቦታ ይለያል።

== እውነተኛውን መለየት ==

በገበያ «ካርቦን» ተብሎ የሚሸጥ ኮፈን ሁሉ ካርቦን አይደለም። የሽመና ሥዕል ያለው ስቲከር የተለጠፈበት ላሜራ አለ። ከላይ አንድ ንጣፍ ካርቦን ብቻ ኖሮት የቀረው ፋይበር ግላስ የሆነም አለ። ስቲከር በጠርዙ ላይ ይታወቃል፤ ማግኔትም ከሥሩ ያለውን ብረት ይስባል። የካርቦን ሽመና ብርሃን ከተለያየ አቅጣጫ ሲመታው አንዱ ክር ሲያበራ ሌላው ይጠቁራል፤ የታተመ ሥዕል ግን አይለዋወጥም። ሁለተኛውን ዓይነት ለመለየት የኮፈኑን ጀርባና ያልተቀባ ጠርዙን ማየት ያስፈልጋል። ፋይበር ግላስ የተጨመረበት ኮፈን ለአገልግሎት የማይበቃ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ዋጋውም ሊቀንስ ይገባል።

== በኢትዮጵያ ==

በኢትዮጵያ የካርቦን ፋይበር ኮምፖዚት በስፋት አገልግሎት ላይ የሚታየው በአቪዬሽን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ ወር መጀመሪያ 2004 (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2012) ቦይንግ 787 ድሪምላይነርን በመረከብ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆነ። የዚህ አውሮፕላን ግማሽ ያህል ክብደት ኮምፖዚት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ አየር መንገዱ ኤርባስ ኤ350ን ከአፍሪካ ቀድሞ ተረከበ።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 ከነዚህ ድሪምላይነሮች አንዱ በለንደን ሂትሮው ቆሞ ሳለ እሳት ተነሣበት። ተሳፋሪ አልነበረበትም። የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች እሳቱ የተነሣው ከድንገተኛ አደጋ ምልክት አስተላላፊው ሊቲየም ባትሪ መሆኑን ደርሰውበታል። የባትሪው ኃይል ካለቀ በኋላም በሙቀት የተበታተነው የኮምፖዚቱ ሬዚን እሳቱን እየመገበ ቀስ ብሎ እንዲስፋፋ አድርጎታል። አውሮፕላኑ ተጠግኖ ወደ በረራ ተመልሷል። ከዚህ ሁኔታ እንደሚታየው በካርቦን ኮምፖዚት ውስጥ በሙቀት መጀመሪያ የሚሸነፈው ክሩ ሳይሆን ሬዚኑ ነው። በሞተር ላይ ለሚያርፍ ኮፈንም ይኸው ይሠራል።

በመኪና በኩል የተበላሸ ኮፈን የሚተካው በአብዛኛው በላሜራ ጥገና ወይም በመርካቶ ሶማሌ ተራ ባሉ ሱቆች ከሚሸጥ መለዋወጫ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በአገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ረዘም ላለ ጊዜ እየተጠገኑ ማገልገላቸው አይቀርም። መለዋወጫው ከገበያ ለጠፋ ሞዴል ሞልድ አውጥቶ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ ወይም ፓራውልት መሥራት አንዱ አማራጭ ነው። ለዚህ ዓላማ ከካርቦን ይልቅ ፋይበር ግላስ ዋጋው ተመጣጣኝ ነው፤ ሞልዱ፣ ሰሙ፣ የቫኪዩም ሥራውና የማሞቂያ ሣጥኑ ግን ለሁለቱም አንድ ናቸው። በፋይበር ግላስ እጁን ያፍታታ ሠራተኛ ጨርቁንና ሬዚኑን ቀይሮ ወደ ካርቦን መሸጋገር ይችላል።